አይዞህ የተከለከለባት ሴት

ማስታወቂያው የተለጠፈው በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ፣ «ሳሙና በቁጠባ ይያዝ» ከሚለው ያረጀ ወረቀት ሥር ነበር። አንድ የታካሚ ተንከባካቢ፣ ከውስጥ ሠራተኞች መካከል፣ ዕድሜ ከአርባ አምስት በታች፣ ቃለ መጠይቅና የተግባር ፈተና በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት። እትዬ አንሶላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የታቀፈቻቸውን የትራስ ልብሶች ማሽኑ አናት ላይ ጣል አድርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። አርባ አምስተኛዋን ለመድፈን ሁለት ወር ቀርቷታል። ይህ ቦታ ካመለጣት ሌላ አይመጣም፤ ቢመጣም ለእሷ አይደለም።

እትዬ አንሶላ ብለው ስም ያወጡላት ታካሚዎች ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ጋሪዋን እየገፋች ንጹሑን አንሶላ ታድላለች፣ የቆሸሸውን ትሰበስባለች። የጋሪው አንድ ጎማ ይጮኻል። ጩኸቱ ከአሳንሰሩ ሲወጣ ከተሰማ በየክፍሉ የተኛው ሰው ሁሉ ቀና ቀና ይላል። ሥራዋ አንሶላ ነው እንጂ ሰው አይደለም፤ የቅጥር ደብዳቤዋ እንዲያ ይላል። ነገር ግን አንሶላው ላይ ሰው ተኝቶበታል። ሰው ደግሞ ውሃ ይጠማዋል፣ ትራሱ ይንሸራተትበታል፣ ጠያቂ የቀረበት ዕለት ሆድ ይብሰዋል። ዓይኗ እያየ እንዴት ትለፍ? ዞር ዞር ብላ ታይና ትራሱን ታቃናለች፣ ብርጭቆውን ታቀብላለች፣ የደነዘዘውን እግር ታሻሻለች። እንግዲህ የፈለገችው አዲስ ሥራ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት በስርቆሽ የሠራችውን፣ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሳ በግላጭ መሥራት ነው የፈለገችው።

አንድ እንከን ብቻ ነበረባት፤ እሱም አንዲት ቃል ናት። «አይዞህ» ትላለች። ለሕፃኑ አይዞህ፣ ለአራሷ አይዞሽ፣ ለሽማግሌው አይዞዎት። አንሶላ ስታነጥፍ አይዞህ፣ ስታነሳ አይዞህ። አንድ ጊዜ አሳንሰሩ መሃል ላይ ቆሞባት በሩን አይዞህ ስትለው ተሰምታለች።

ይህች ቃል ከሁለት ዓመት በፊት ጉድ አፈላች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ የሆዳቸውን ምርመራ ውጤት ይጠባበቁ ነበር። እትዬ አንሶላ ገባች፣ ፊታቸው ጠቁሮ አየች፣ አንጀቷ አልችል አለ። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጋ፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሳ፣ «አይዞዎት አባቴ» ብላቸው ጋሪዋን እየገፋች ወጣች። ሽማግሌው ክው ብለው ቀሩ። ልሞት መሆኔን የአንሶላዋ ሴት እንኳ ሰምታለች ማለት ነው! ወዲያው ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን አስጠርተው፣ እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁ፣ ተናዘዙም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም ማለታቸው ሐሰት ነው ለካ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚስታቸውን ወቀሳ ላለመስማት ያወጡት ዘዴ ኖሯል። ውጤቱ በማግስቱ መጣ፤ ጨጓራ ነው፣ በሰዓቱ ይብሉ ተባሉ። ሚስትየው ከዚያች ቀን ጀምሮ በግራ በኩል ካልሆነ አልቀመጥም አሉ።

ሽማግሌው ወደ ቤት ሲመለሱ አቤቱታ ጽፈው ነበር የሄዱት። «ከሕመሜ ድኛለሁ፤ ከአንሶላዋ ሴት ግን አልዳንኩም» ይላል። ደብዳቤው የደረሰው የነርሶቹ ሁሉ የበላይ ለሆነችው ለሜትሮኗ ነው። ሜትሮኗ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ስትስቅ ያያት ሰው አለ የማይባልላት ሴት ናት። እትዬ አንሶላን ቢሮዋ ጠርታ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረቻት፤ «ይህ ቃል በእኔ ክፍሎች ውስጥ ከአፍሽ እንዳይወጣ።» የሐሙሱን ፈተና የምትፈትነው ታዲያ ማን መሰለቻችሁ? እሷው ሜትሮኗ።

ያን ቀን እትዬ አንሶላ ከሥራ ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው ወይስ በክንፏ፣ ራሷም አታውቀውም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤቱ የፊት ክፍል ሱቁ ነው። መኪናውን እየረገጠ አገኘችው።

«ልወዳደር ነው!» አለችው ገና ከደጃፉ።

«ምን ተሰማሽ? ምን ሩጫ ነው በዚህ ዕድሜ?» አለ መርፌውን ሳያነሳ።

ስትነግረው መርፌውን አነሳ። ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል፤ አሁንም ቀላ። ቀጥሎ ግን ሽማግሌው ትዝ አሉትና ፊቱ ኮስተር አለ። «አይዞህ የምትይውን ነገር ግን...»

«አይዞህ፣ እተወዋለሁ» አለችው።

ከጓዳ ሳቅ ፈነዳ። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት የሆነችው ልጃቸው ናት። ጠመኔ ይዛ ወጥታ በሩ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። «እማዬ፣ ከአሁን ጀምሮ በየአንዳንዷ አይዞህ አንድ መስመር» አለች። ምሽት ሳይደርስ መስመሩ ሠላሳ አንድ ሆነ፣ አንዱም ድመቷ ስታስነጥስ የወጣ ነው።

በማግስቱ አሠልጣኝ ተገኘ። ጎረቤታቸው ጋሽ ድሬሰር ናቸው፤ በድሮው ጊዜ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት አርባ ዓመት ያገለገሉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ነጭ ካፖርታቸውን ያላወለቁ ሰው። ጉዳዩን ሲሰሙ በትራቸውን ጥለው መጡ። ልብስ ሰፊውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ ከሥሩ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ተነጥፎ ነበር።

«አንተ በሽተኛ ነህ፣ አቃስት» አሉት።

ልብስ ሰፊው አቃሰተ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ አቃሰተ። መንገደኛ ቆሞ በመስኮት እስኪያይ ድረስ አቃሰተ።

«ስሚ ልጄ» አሉ ጋሽ ድሬሰር። «እጅሽ ከመድረሱ በፊት አፍሽ ይድረስ። መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ምን ልታደርጊ እንደሆነ። ከዚያ ምን እንደሚሰማው። ሊቀዘቅዘው ነው? ሊያመው ነው? ሳትዋሺ መንገር ነው። አይዞህ የሚባለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።»

«ለምን ካለቀ በኋላ?»

«ቀድመሽ አይዞህ ካልሽው፣ ምን ሊመጣብኝ ነው ብሎ ነፍሱ ትወጣለች። ካለቀ በኋላ ስትይው ግን፣ በረታህ፣ ተወጣኸው ማለትሽ ነው። አርባ ዓመት መርፌ ስወጋ አንድ ሰው አምልጦኝ አልሮጠም። አንድ ብቻ። እሱም ወታደር ነበር።»

ከዚያች ቀን ወዲያ ቤቱ ሆስፒታል ሆነ። እትዬ አንሶላ ያገኘችውን ሁሉ ታክማለች። ባሏ ምሳ በልቶ ሲጨርስ «የታካሚ ተንከባካቢ ነኝ፤ ሳህኑን ላነሳልዎት ነው፤ ፊትዎ ያለው ቦታ ትንሽ ባዶ ሊመስልዎት ይችላል» ትለዋለች። ልጇን ስታበጥራት «አሁን ማበጠሪያው ቋጠሮ ጋ ደርሷል፣ ሊያምዎት ነው» ትላለች። በሩ ላይ ያለው መስመር በሁለተኛው ቀን ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ወረደ፤ በሦስተኛው እንደገና ሃያ ስድስት ገባ፣ ምክንያቱም የጎረቤት ሕፃን ወድቆ ነበርና ማን ይችላል። ማክሰኞ አራት። ረቡዕ አንድ። ረቡዕ ያመለጣት ባሏ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዘዋወር ወገቡ የምሩን ቀጭ ያለ ጊዜ ነው። ሰውዬውም ጉድ ሆነ፣ መታመሙን ወደደው። «እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ምን ሊደረግብኝ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም» እያለ በየሰዓቱ እየተጋደመ አስቸገረ።

ስለ ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ተሰቅሏል፤ ለራሱ የሰፋው የመጀመሪያና የመጨረሻ ኮት ነው። ግራ ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለበት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ልጁ ሽልማት ልትቀበል በነበረበት ዕለት፣ ደንበኛ ጠርቶት ሲወጣ ካውያውን ኮቱ ላይ ረስቶ የሄደው እሱ ነው። እሱ እንዲህ ያምናል። ለደንበኛ ሁሉ ያወራዋል፣ «እኔ ደነዝ» እያለ። ከዚያ ወዲህ ከቤት በወጣ ቁጥር መንገድ ጠርዝ ሲደርስ ይቆምና ካውያውን ነቅዬው ይሆን ብሎ ይመለሳል። አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይመለሳል።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ አንሶላ ሆስፒታሉ የደረሰችው ጥበቃው ገና ሬዲዮውን ሳይከፍት ነው። መቀመጥ አልቻለችም፣ ግን የፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሕፃን ልጅ የትምህርት ቤት ጉዞ ሊሄድ ሲል እንደሚቁነጠነጠው ያለ ነው። ስምንት ተወዳዳሪ አለ። እሷ አምስተኛ ናት። እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ አንድ ወጣት ሐኪምና ሜትሮኗ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ይህን ሥራ ለምን ፈለጉት?» አለ።

መልሱን ከልጇ ጋር አንድ ሳምንት ሸምድዳዋለች፤ «ለሙያው ባለኝ ፍቅርና ተነሳሽነት» የሚል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እየሠራሁት ስለሆነ» አለች።

ሜትሮኗ ቀና አለች። እትዬ አንሶላ ጭንቅላቷን ግድግዳው ጋ ብታጋጨው ደስ ባላት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሕግ ስትጥስ እንደኖረች በገዛ አፏ መናገሯ ነው እኮ።

«ምኑን ነው የምትሠሪው?» አለች ሜትሮኗ።

እንግዲህ አንዴ ወጥቷል። ትራሱን፣ ውሃውን፣ የደነዘዘውን እግር ነገረቻት። ሜትሮኗ ተነሳች፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጥግ ላይ ያለው የፈተና አልጋ ላይ ወጥታ ተጋደመች። «ታካሚዋ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። ወንበሩ ላይ አውጥተሽ አስቀምጪኝ» አለች።

እትዬ አንሶላ ቀረበች። «እንደምን አደሩ እናቴ። ልንከባከብዎት የመጣሁ ሠራተኛ ነኝ። ወንበሩ ላይ ላወጣዎት ነው። መጀመሪያ በጎን አዞርዎታለሁ፣ ቀስ ብለው እግርዎን ያወርዳሉ። ሲነሱ ትንሽ ሊያዞርዎት ይችላል፣ ቁስሉም ይወጥርዎታል።» የወንበሩን ጎማ ቆለፈች። ሁሉም እንደ ሥልጠናው ሄደ። እዚህ ላይ ግን ሜትሮኗ እጇን ለቀም አድርጋ ያዘቻት፣ ዓይን ዓይኗንም እያየች፣ በማታውቃት ትንሽ ድምፅ ጠየቀቻት፤ «ልሞት ነው እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ።»

አይዞዎት ጉሮሮዋ ላይ መጣች። ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። እትዬ አንሶላ ጥርሷን ነከሰች፣ ቃሏን መልሳ ዋጠቻት። ለጊዜው የምትተካት ሌላ ቃል አጣች፤ ስለዚህ ያላትን ብቻ ተናገረች።

«አላውቅም እናቴ። የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ አሁን አስጠራዋለሁ። እሱ እስኪመጣ ከአጠገብዎ አልሄድም። እጅዎን እንዲሁ ይያዙኝ። እጄ ይቀዘቅዝዎታል፣ ቅድም ስለታጠብኩ ነው።»

ሜትሮኗ ለጥቂት ጊዜ እጇን አልለቀቀችም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን ፈለገች፣ «በቃ» አለች። ኃላፊው የሆነ ነገር ጻፈ። እትዬ አንሶላ እጅ ነስታ ወደ በሩ ስትሄድ፣ እጇ መያዣውን እንደያዘ፣ ከኋላዋ የሜትሮኗ ድምፅ መጣ።

«አይዞሽ።»

አለቀላት። ሽማግሌው ያን ጊዜ ምን እንደተሰማቸው አሁን ገባት፤ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ገባት። ሜትሮን አይዞሽ አለች ማለት ምን ቀረ? ያቺን ደረቅ ሴት ያሳዘንኩ እኔ ምን ያህል ብወድቅ ነው?

ቤት ስትደርስ እኩለ ቀን ነበር። ባሏ ፊቷን አይቶ ከመኪናው ተነሳ። ልጇም ከጓዳ ወጣች።

«ምን አሉሽ?»

«አይዞሽ አለችኝ» ብላ ደንበኛ መቀመጫው ላይ ዘፍ አለች።

የሽማግሌውን ታሪክ የማያውቅ በዚያ ቤት የለም። ልብስ ሰፊው ራሱን ያዘ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «በደንብ አልታመምኩልሽም። ስቀልድ ነበር። በትክክል ታምሜልሽ ቢሆን ኖሮ...»

«አንተ ደግሞ!» አለች እትዬ አንሶላ፤ እንባዋ መጣ። «ሁሉን በራስህ ላይ ትከምራለህ! ለምን እንዲህ ትሆናለህ? ኮቱንም እኮ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ!»

ልብስ ሰፊው እጁን ከራሱ ላይ አወረደ።

«የቱን ኮት?» አለ።

«ያንን። ደንበኛው ሲጠራህ አምሮ ይጠብቅህ ብዬ ልተኩስልህ ካውያውን አነሳሁ። ጨርቅ ሳላለብሰው አሳረፍኩት። ሲጨስ ደነገጥኩ፤ እዚያው ትቼው በጓዳ በር ወጣሁ። ስትመለስ ራስህን መስደብ ጀመርክ። ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል...»

ልብስ ሰፊው ወደ ኮቱ ሄደ። ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ በሌላ ወገን ሲወጣ አየው። «ዘጠኝ ዓመት» አለ። «ከአውቶቡስ ወርጄ ስመለስ፣ አንቺ በመስኮት ታዪኝ ነበር?»

«አይህ ነበር።»

«የእህቴን ሠርግ አጋምሼ ስመለስስ?»

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ጋሽ ድሬሰር ዘው አሉ። «እህሳ! ፈተናው እንዴት ነበር?»

«ወድቄያለሁ ጋሼ። ሜትሮኗ አይዞሽ አለችኝ።»

«መቼ ነው ያለችሽ?» አሉ ጋሽ ድሬሰር በትራቸውን አንስተው። «ስትገቢ ወይስ ስትወጪ?»

«ስወጣ። በሩ ጋ።»

«አንቺ ሞኝ! እኔ ምን ብዬ ነው ያስተማርኩሽ? ሲያልቅ ከተባለ ተወጣሽው ማለት ነው! አልፈሻል!»

እትዬ አንሶላ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ልጅቷ «ልክ ነው እማዬ፣ ልክ ነው!» እያለች ትዘላለች። እናቲቱ ግን ዓይኗን ከባሏ ጀርባ አላነሳችም። «ምናለ ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው ቢመጡ?»

በማግስቱ ዓርብ ባሏ ሳይናገራት ክር ሊገዛ ወጣ። እሷ በመስኮት ቆመች። መንገዱ ጠርዝ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ፣ ግማሽ ዞረ፣ አንድ እግሩንም ወደ ቤት አነሳ። ከዚያ እግሩን መልሶ ወደ ገበያው ቀጠለ፣ አልተመለሰም። እትዬ አንሶላ መጋረጃውን ይዛ አለቀሰች፣ ሳቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። ስሟን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ጓደኞቿ እየጮኹ እቅፍ አድርገው ሲያነሷት ሜትሮኗ በኮሪደሩ አለፈች። «የጋሪሽን ጎማ ዘይት አስቀቢና አስረክቢ» ብቻ አለች፣ ከንፈሯ ግን ጥግ ላይ ትንሽ ተንቀሳቅሷል፤ ያየ ሰው ይመሰክራል።

እሑድ ዕለት አዲሱን ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሳ ሱቁ መሃል ቆመች። ሰፍቷታል፣ ረዝሟታልም። ሐሙስ ቀትር ላይ የተናዘዘችውን ከሰማ ጀምሮ ልብስ ሰፊው ከ«እሺ» እና «አይ» በቀር ያወጣው ቃል የለም። አሁን ግን የስፌት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ መጣና እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«ባልሽ ነኝ» አለ በስፒሎቹ መሃል። «ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀሚሱን ከታች ላሳጥረው ነው። ትንሽ ሊወጋሽ ይችላል።»

እትዬ አንሶላ ቁልቁል አየችው። ጆሮው ቀልቷል።

«አይዞሽ አትለኝም?» አለችው።

«ስጨርስ» አለ፤ የመጀመሪያውንም ስፒል ሰካ።